የሊምፍ መንገድ ሲዘጋ

ልብ በደም ሥሮች የሚረጨው ፈሳሽ በሙሉ በደም ሥር ተመልሶ ወደ ልብ አይገባም፤ ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ሾልኮ በሕዋሳት መካከል ከሚቀረው ውስጥ በቀን 3 ሊትር ገደማ የሚሆነው፣ ከእርሱም ጋር በመጣበት በር መመለስ የማይችለው ፕሮቲን፣ የሚሰበሰበው በሌላ መንገድ ነው። ይህ መንገድ የሊምፍ ሥርዓት ይባላል፤ በውስጡ የሚፈሰው ሊምፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ከምግብ በኋላ ከአንጀት የሚነሣው ግን ስብ ስለሚሸከም ወተት ይመስላል። ሊምፍን የሚገፋ ልብ የለም። የሚጓዘው የቧንቧዎቹ ግድግዳ በሚያደርገው መኮማተር፣ በጡንቻ እንቅስቃሴና በትንፋሽ ኃይል ሲሆን፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ክዳኖች ያግዱታል። በጉዞው ላይ በብሽሽት፣ በብብትና በአንገት የሚገኙ የሊምፍ ዕጢዎች እንደ ኬላ ይፈትሹታል፤ እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት የሚያወጣውም በዚያ ዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ለመከላከል ስለሚበዙ ነው። ፈሳሹ በመጨረሻ ከአንገት ሥር ባሉት ትላልቅ የደም መልስ ሥሮች በኩል ከደም ጋር ይቀላቀላል።

ይህ መንገድ ሲበላሽ ፕሮቲን ያዘለው ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል፤ ሊምፌዴማ የሚባለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ እብጠቱ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ እግር ከፍ ብሎ ሲያድርም ይቀንሳል፤ እየቆየ ሲሄድ ግን በቦታው ጠጣር ሥጋና ስብ ስለሚተካ ይደድራል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ጉጥ ጉጥም ያወጣል። ሐኪሞች መሣሪያ ሳያስፈልጋቸው የሚያደርጉት አንድ ምርመራ አለ፦ ከእግር አውራ ጣት ቀጥላ ካለችው ጣት ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ለማንሣት ይሞከራል፤ ቆዳው አልነሣ ካለ ሊምፌዴማ መኖሩን በብርቱ ያመለክታል፣ ተነሣ ማለት ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም።

በኬንያ ዝሆኔ፣ ማለትም እንዲህ የደደረ የእግር እብጠት፣ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ፊላሪያ የተባለው ክር መሰል ትል ነው፤ ይህ በትንኝ የሚተላለፍ ትል በሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ለዓመታት እየኖረ ቧንቧውን ይለጥጠዋል፣ ክዳኖቹንም ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ሥርጭቱ የተወሰነው በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና በአቅራቢያው ባሉት እንደ ክዋሌ፣ ኪሊፊና ላሙ ባሉ ካውንቲዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የጅምላ መድኃኒት ዕደላም ሆነ፣ በ2018 በላሙና በሞምባሳ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድነት የመስጠቱ ዘመቻ ያተኮረው በዚሁ አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ናይሮቢ ከዚህ ቀጣና ውጭ ናት። ስለሆነም የባሕሩን ዳርቻ ረግጦ የማያውቅ የናይሮቢ ነዋሪ እግሩ ሲያብጥ ትንኝን መውቀስ ዋናውን ምክንያት ያስታል።

በእንዲህ ዓይነቷ ከተማ ይበልጥ ሊታሰብ የሚገባው ካንሰርና ሕክምናው ነው። በኬንያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በብዛት ቀዳሚው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ ለሕክምናው የብብት ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ወይም በጨረር ሲጎዱ በዚያ ወገን ያለው ክንድ ከወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል። ከኤችአይቪ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው ካንሰርም የእግርን የሊምፍ መንገድ ይዘጋል።

ሦስተኛው ምክንያት ከመሬት የሚመጣ ነው። ከሜሩ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ባሉት የኒያምቤኔ ኮረብታዎች በ1980ዎቹ ዓመታት ትል የሌለበት ዝሆኔ መኖሩ ተዘግቧል፤ ይህ በኢትዮጵያ ደጋ እጅግ የታወቀው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ያጠናው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሕመምተኞች የብሽሽት ዕጢዎች ውስጥ የአፈር ደቃቅ ማዕድናትን አግኝቷል፤ በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ገብተው ቧንቧውን የሚያቆስሉት እነዚህ እንደሆኑ ይታመናል። በ2012 የታተመ የዘር ጥናት ደግሞ ለበሽታው ተጋላጭነት በትውልድ የሚወረስ መሆኑን በማሳየቱ፣ በአንድ ማሳ አብረው ከሚያርሱ ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ለምን እንደሚታመም ለመረዳት ይረዳል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕመምተኛን ከለቅሶና ከሠርግ ማራቅ በምንም ዕውቀት የማይደገፍ በደል ነው።

ምክንያቱ ቢለያይም ለእብጠቱ የሚደረገው እንክብካቤ ተመሳሳይ ነው። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ውኃውን እንጂ ፕሮቲኑን ስለማያወጣ ለሊምፌዴማ ፈውስ አይሆንም። የሚጠቅመው በየዕለቱ በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ በባለሙያ ምክር በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ማንቀሳቀስ ነው። ሕመምተኞች ምች የሚሉት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለ እግሩን የሚያቀላው ድንገተኛ ሕመም በዚህ እንክብካቤ እንደሚቀንስ በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት አረጋግጧል። እንዲህ ያለው ትኩሳት የጀመረው ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ እያንዳንዱ ምች የቀሩትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳልና።