ባለ ርስትና ባለ አደራ፦ አሜሪካውያን ባለ ሀብቶችና የእንግሊዝ ክለቦች

ማልኮም ግሌዘር የተባለው አሜሪካዊ ባለ ጠጋ እ.ኤ.አ. በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገዛ ከዋጋው ከፍ ያለውን ድርሻ በብድር አግኝቶ፣ ከብድሩም ብዙውን በዚያው በተገዛው ክለብ ጫንቃ ላይ ስለ ጫነው፣ በእንግሊዝ ደጋፊዎችና ከአትላንቲክ ማዶ በመጡት ባለቤቶች መካከል እስከ ዛሬ ያልበረደው ቅያሜ ሥር ሰደደ፤ ከደጋፊዎቹም አንዳንዶቹ በዚያው ዓመት ተለይተው ወጥተው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የተባለ የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ።

የቅያሜው ምንጭ በእኔ አስተያየት ከፍቅረ ንዋይ ይልቅ የሁለት ሥርዓቶች አለመተዋወቅ ነው። በአሜሪካ የስፖርት ሊግ በሩ የተዘጋ የባለ ንብረቶች ማኅበር ስለ ሆነ፣ በመጨረሻው ደረጃ የተቀመጠ ቡድን ወደ ታች አይወርድም፤ ባለቤቱም ገበያ ወዳማረበት ከተማ ቡድኑን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የአርሴናል ባለቤት ስታን ክሮንኪ ራምስ የተባለውን ቡድኑን በ2016 ከሴንት ሉዊስ ወደ ሎስ አንጀለስ ያዛወረው በዚሁ ልማድ ነው። በእንግሊዝ ግን ኤቨርተን ከሜቶዲስት ጸሎት ቤት ወጣቶች፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ከባቡር ሠራተኞች፣ አርሴናል ከጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል የበቀሉ በመሆናቸው፣ ምእመን የተጠመቀበትን ደብር እንደማይተው ሁሉ ደጋፊም ከአባቱ የተረከበውን ክለብ አይለውጥም፤ ባለ ሀብቱንም የሚያየው እንደ ባለ ርስት ሳይሆን እንደ ባለ አደራ ነው።

ይህ ልዩነት በሊቨርፑል በጉልህ ታየ። አሜሪካውያን ባለቤቶቹ በ2016 የአንዳንድ መቀመጫዎችን ዋጋ ወደ 77 ፓውንድ ከፍ ለማድረግ ባሰቡ ጊዜ፣ ቡድናቸው ሰንደርላንድን 2 ለ 0 እየመራ ሳለ፣ በ77ኛው ደቂቃ በሺህ የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ተነሥተው ስታዲየሙን ለቀው ወጡ። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ ባለቤቶቹም በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ጭማሪውን ሰረዙ። እነዚሁ ሰዎች አንፊልድን ትተው አዲስ ስታዲየም ከመሥራት ይልቅ አሮጌውን ማስፋፋትን የመረጡ፣ በዘመናቸውም ክለቡ ከ30 ዓመት ጥበቃ በኋላ የሊጉን ዋንጫ ያነሣላቸው መሆናቸውን መዘንጋት ፍርድን ማጓደል ነው።

ሆኖም በሚያዝያ 2021 መውረድን ለመሥራቾቹ የሚያስቀረው ሱፐር ሊግ የተባለ የአውሮፓ ክለቦች ውድድር በታወጀ ጊዜ ከፈረሙት ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ሦስቱ፣ ማለትም ዩናይትድ፣ ሊቨርፑልና አርሴናል፣ የአሜሪካውያን ነበሩ። የውጥኑ ሊቀ መንበር ስፔናዊው ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ሆኖ ሳለ፣ ከእንግሊዝም ሌሎች ባለቤቶች ፈርመው ሳለ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአሜሪካውያን ላይ ማሸከም አግባብ አይደለም፤ አሳቡ ግን ከአገራቸው ሥርዓት ጋር የሚዛመድ ስለ ነበር ቁጣው በእነርሱ ላይ ጠነከረ። የእንግሊዝ ክለቦች በ2 ቀን ውስጥ ሲወጡ፣ የሊቨርፑሉ ጆን ሄንሪ በምስል ቀርቦ ደጋፊዎቹን ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚህ ሁሉ ውዝግብ በኋላ የብሪታንያ ፓርላማ በ2025 የእግር ኳስ አስተዳደር ሕግ አውጥቶ ነጻ ተቆጣጣሪ አቆመ። ከእንግዲህ ማንም ባለቤት፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ ያለ ተቆጣጣሪው ፈቃድ የክለቡን ስታዲየም ሊሸጥ፣ በተከለከለ ውድድርም ሊሰለፍ አይችልም። ስለ ቲኬት ዋጋ ደጋፊዎቹን የማማከር ግዴታ አለበት፤ ዋጋውን የመቁረጥ ሥልጣን ግን አሁንም በእጁ ነው።