ቡችሎች ሲሞቱባችሁ

ውሻ ለምታራቡ ሁሉ፦ በእንስሳት ሕክምና ሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ነው። ሐዘኑ እውነተኛ ነው። ሌሊቱን ተቀምጦ ያዋለደን ሰው «ውሻ አይደል እንዴ!» ማለት አያጽናናውም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞቱ ቡችሎች አሉ፤ ጥንቃቄ በማይጓደልበት ቤትም ጭምር። አዲስ የተወለደ ቡችላ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መጠበቅ አይችልም። ሲቀዘቅዝ መጥባት ያቆማል፤ የጠባው ወተትም አይፈጭለትም። ስለዚህ የቀዘቀዘውን በግድ ወተት አትጋቱት፤ መጀመሪያ ቀስ በቀስ አሙቁት። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንገር ካልጠባ ደግሞ እናቱ የምትሰጠው መከላከያ ያመልጠዋል። በየቀኑ መዝኑ። ክብደት ያልጨመረ ቡችላ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ከ6 ሳምንት በኋላ በትውከትና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ከሞቱ ፓርቮ የተባለውን የቫይረስ በሽታ እጠረጥራለሁ። ቫይረሱ በግቢ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ወለሉን በሳሙና አጥባችሁ በውሃ በተበጠበጠ በረኪና ድገሙት፤ አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳውም። እባካችሁ ሐዘኑን ለመርሳት ብላችሁ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ወደዚያ ግቢ አታስገቡ። ሁለተኛው ሐዘን ይከብዳል።

እናቲቱ ቡችሎቿን እየፈለገች ብታላዝን አትቆጧት። ጡቷ ከጋለና ከጠጠረ ወይም መብላት ካቆመች ግን ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

የሞተውን ቡችላ ከመቅበራችሁ በፊት ምርመራ ይደረግለት እንደሆነ ሐኪማችሁን፣ ወይም ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጠይቁ። እስከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት፤ በረዶ ቤት ግን አታስገቡት፤ ናሙናውን ያበላሸዋል።