የበረሃው ሸለቆ የእግር መንገድና የሚጠብቀው አፈር

በከብት መንገድ ላይ የወረደ ውሃ በጥቂት ክረምት ቦረቦር እንደሚያወጣ የማያውቅ ገበሬ የለም። በመጀመሪያ ከብቱ በአንድ መሥመር ይመላለሳል፤ ሣሩ ይጠፋል፤ አፈሩ ይደቃል፤ ቀጥሎም ውሃው ያንኑ መሥመር ይዞ ይወርዳል። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው በረሃ፣ በእንግዳ ቅርፃቸው በዓለም በታወቁት ቋጥኞችና ገደላማ ሸለቆዎች መካከልም ይኸው ችግር ደርሷል። እዚያ መሬቱን የረገጠው ግን ከብት ብቻ ሳይሆን፣ አገር ለማየት በእግሩ የሚጓዘው ጐብኚ ጭምር ነው።

አካባቢው የኮሎራዶ አምባ የሚባለው ሲሆን፣ የዩታን፣ የአሪዞናን፣ የኮሎራዶንና የኒው ሜክሲኮን ግዛቶች ያዳርሳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በረሃ ይባል እንጂ ሁሉም ቆላ አይደለም። በዩታ የሚገኘው የብራይስ ገደላማ ሥፍራ ጠርዝ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ በእኛ አገር አነጋገር ደጋ ነው። በዓመት ከ170 እስከ 200 በሚደርሱ ቀኖች ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፤ ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል። በድንጋዩ ስንጥቅ የገባው ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ያብጥና ስንጥቁን እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቀዋል። በዚህ ዓይነት ከአምባው ጠርዝ መጀመሪያ ግድግዳ፣ ከግድግዳው መስኮት፣ በመጨረሻም ለብቻው የቆመ የድንጋይ ዓምድ ይወጣል። ዓምዶቹ እጅግ ብዙ ናቸው። በ1870ዎቹ ዓመታት በአካባቢው የሰፈረውና ቦታው በስሙ የተጠራለት አናጢና ከብት አርቢ ኢቤኔዘር ብራይስ፣ ላም ለጠፋችበት ሰው ይህ ክፉ ቦታ ነው ብሎ ነበር ይባላል። ከብት ያለው ሰው ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳዋል።

ከዚያ በስተምሥራቅ፣ በዚያው በዩታ ግዛት በአርችስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ከ2,000 የሚበልጡ የድንጋይ ቅስቶች ይገኛሉ። የዓመቱ ዝናብ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቅስቶቹ ጸንተው የሚኖሩ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ከሁሉም ረጅሙ፣ ከዳር እስከ ዳር ወደ 90 ሜትር የሚጠጋው ቅስት፣ በ1991 ርዝመቱ 18 ሜትር ያህል የሆነ ገበታ ድንጋይ ከሥሩ ተገንጥሎ ወድቋል። በቦታው የነበሩ ጐብኚዎች የመሰንጠቅ ድምፅ ሰምተው በመሸሻቸው ተርፈዋል። ከቅስቱ ሥር ያልፍ የነበረው የእግር መንገድም ተዘግቷል።

ከብቱ ከወጣ ከ30 ዓመት በኋላ

ጐብኚው የሚመጣው ድንጋዩን ለማየት ነው። አብልጦ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን በድንጋዮቹ መካከል ያለው አፈር ነው።

በዚህ በረሃ ባዶ የሚመስለው መሬት ባዶ አይደለም። ላዩን ጥቁርና ጐርበጥባጣ ቅርፊት የሸፈነው ሲሆን፣ ቅርፊቱም ሕይወት ያለው ነው። ሳያኖባክቴሪያ የተባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጡራን ከሌሎች ጥቃቅን ዕፀዋት ጋር ሆነው፣ ክር በመሰለ ነገር የአሸዋውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያያይዟቸዋል። ስለዚህ ነፋስ አያነሳውም፤ ዝናብ በቀላሉ አያጥበውም። ከዚህም በላይ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለአፈሩ ስለሚሰጡ፣ ባቄላና አተር እንደሚያደርጉት ሁሉ መሬቱን ያዳብራሉ። ሆኖም ቅርፊቱ በደረቀ ጊዜ እንደ ገል ተሰባሪ ነው። አንድ ኮቴ ወይም አንድ ጫማ ያደቀዋል። ተመልሶ እስኪያገግም በአሥር የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል።

የጉዳቱ መጠን በዩታ በሚገኘው በካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ተለክቷል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1964 ሲሆን የከብት ግጦሽ የቆመው በ1974 ነው። በፓርኩ ውስጥ ዙሪያውን በቋጥኝ በመከበቡ ከብት ገብቶበት የማያውቅ ሜዳ አለ። ተመራማሪዎች ያልተነካውን መሬት ቀድሞ ከተጋጠው ጋር አነጻጽረው ውጤቱን በ2005 አውጥተዋል። ከብቱ ከወጣ 30 ዓመት ያህል ያለፈ ቢሆንም፣ ተግጦ የነበረው መሬት ደቃቅ አፈር ካልተነካው ከ38 እስከ 43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በላይ አፈሩ ውስጥ ያለው ካርቦንና ናይትሮጅንም ከ60 እስከ 70 በመቶ ቀንሷል። ደቃቁ አፈር የሄደው በአብዛኛው በነፋስ ነው። በደጋ አገር የተከለለ ተዳፋት በጥቂት ክረምት ሣር ሲያወጣ ይታያል፤ በበረሃው ግን የዝናቡ እጥረት ቁስሉን ያቆየዋል።

ጠላቱ አቋራጭ ነው

በዚህ ምክንያት ጐብኚው እንደ ልቡ አይሄድም። የእግር መንገዱ በተቻለ መጠን በገላጣ ድንጋይ ላይ ወይም በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሁለቱንም እግር አይጐዳቸውምና። ገላጣ ድንጋይ ዱካ ስለማይዝ አቅጣጫው የሚታወቀው በተካቡ ትናንሽ የድንጋይ ክምሮች ነው። ጐብኚው የራሱን ክምር እንዳይክብ ይነገረዋል። የተሳሳተ ምልክት የኋለኛውን መንገደኛ ወደ ገደል ሊመራው ይችላል።

በተዳፋት ላይ ያለው ሥራ እርከን ለሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። መንገዱ ቀጥ ብሎ ቁልቁል አይለቀቅም፤ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በየርቀቱ ድንጋይ ወይም ግንድ በአግድመት ሰያፍ ተደርጎ ይቀበርና ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ከመንገዱ ይቀለበሳል። በዚያው በዩታ በዛየን ብሔራዊ ፓርክ በ1926 የተሠራው አንድ ዳገት 21 መታጠፊያዎች አሉት። ከ1933 እስከ 1942 በነበሩት ዓመታትም መንግሥት ያደራጃቸው ሥራ አጥ ወጣቶች በዚሁ ፓርክ የእግር መንገዶችንና የጐርፍ መከላከያዎችን ሠርተዋል።

ይህን ሁሉ ሥራ የሚያፈርሰው አቋራጭ ነው። አንዱ ጐብኚ መታጠፊያውን ትቶ ቁልቁል ሲወርድ ሌላው ይከተለዋል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ ውሃው ሦስተኛ ሆኖ ይከተላቸዋል። የሰዉ ብዛትም ቀላል አይደለም። ዛየን በ2021 ከ5 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቦበታል። በዚህም የተነሣ ከአፕሪል 2022 ጀምሮ ገደል ለገደል ወደሚወጣው እጅግ የታወቀው ጫፍ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በዕጣ የፈቃድ ወረቀት ማግኘት አለበት። ከሩቅ አገር መጥቶ ዕጣ ያልወጣለት ሰው መከፋቱ አይቀርም፤ ቢሆንም አንድ ጠባብ የገደል መንገድ መሸከም የሚችለው የሰው ቁጥር አለው።

ዝናብ ሳይጥል የመጣ ጐርፍ

በረሃ ሲባል ሰው የሚፈራው ጥምን ነው። በእርግጥም ለቀን ጉዞ በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር ያህል ውሃ እንዲያዝ ይመከራል። ነገር ግን በእነዚህ ሸለቆዎች ውሃውም ይገድላል። ገላጣው ድንጋይ ዝናብ አይመጥም። በላይ በኩል የጣለው ሁሉ ወደ አንድ ጠባብ ስንጥቅ ይሰበሰባል፤ ፀሐይ በወጣበት ቦታ ላይም ደራሽ ጐርፍ ሆኖ ይመጣል።

በአሪዞና በፔጅ ከተማ አጠገብ፣ በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ የሚገኘው የአንቴሎፕ ሸለቆ በውሃ የተላገ ጠባብ ስንጥቅ ነው። በአንዳንድ ሥፍራ ሰው ሁለት እጁን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካል። በናቫሆ ቋንቋ የላይኛው ሸለቆ ስም፣ ውሃ በድንጋይ መካከል የሚፈስበት ቦታ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት እረኞች ነገሩን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ኦገስት 12 ቀን 1997 በታችኛው ሸለቆ ውስጥ የነበሩ 11 ጐብኚዎች በደራሽ ጐርፍ ሞቱ። ሸለቆው ባለበት ቦታ የጣለው ዝናብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ዶፉ የወረደው ከላይ በኩል ርቆ ነው። በወቅቱ መውጫ የነበሩትን የእንጨት መሰላሎች ጐርፉ ጠርጎ ወሰዳቸው። በሴፕቴምበር 2015 ደግሞ በዛየን ፓርክ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ 7 ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ አልቀዋል።

ከ1997 ወዲህ የአንቴሎፕ አያያዝ ተለውጧል። መሬቱ የናቫሆ ሕዝብ በመሆኑ ማንም ጐብኚ ከናቫሆዎቹ የተፈቀደለት መሪ ሳይኖረው አይገባም፤ የመግቢያና የመሪ ክፍያም ይከፍላል። በእንጨቱ መሰላል ፋንታ ከድንጋዩ ጋር በብሎን የታሰረ የብረት መሰላል ተተክሏል። ከአፋፉ ላይ የሚወረወር ጠንካራ መረብ ተዘጋጅቷል። በመግቢያው በር የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ የሚቀበል ራዲዮና የአደጋ ጡሩምባ ይገኛሉ። ከላይ በኩል የዝናብ ወሬ ከተሰማ፣ በበሩ ላይ ፀሐይ ቢወጣም፣ ገንዘቡን የከፈለው ጐብኚ ቢያጉረመርምም፣ ሸለቆው ይዘጋል።