የበሽተኛ አራት ምልክቶች

በሬ ሲታመም ገበሬ ቶሎ ያውቃል። ጆሮውን ይዳስሳል፤ ማመንዠኩን ትቶ እንደሆነ ያያል። በሬው አይናገርም፤ ሰውነቱ ግን ይናገራል። የሰውም እንዲሁ ነው። ሕፃን ልጅ «እዚህ ጋ አመመኝ» ማለት አይችልም። ምልክቱን እኛ ልናውቅለት ይገባል።

በጤና ጣቢያ በሽተኛ ሲመጣ አራት ነገሮች ይለካሉ። እነሱም የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ትርታ፣ የደም ግፊትና አተነፋፈስ ናቸው።

ሙቀት በብብት ሥር በሚገባ ቴርሞሜትር ይለካል። የጤነኛ ሰው ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ ትኩሳት አለ። ግንባርን በእጅ መዳሰስ ይጠቁማል እንጂ ልኩን አይነግረንም።

የልብ ትርታ በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል ይቆጠራል። ሁለት ጣታችንን አሳርፈን አንድ ደቂቃ እንቆጥራለን። በአውራ ጣታችን ግን አንለካ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስተናል። ያረፈ አዋቂ ሰው ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። የሕፃን ከዚህ ይፈጥናል።

የደም ግፊት ክንድ ላይ በሚጠመጠም መሣሪያ ይለካል። ደጋግሞ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል። ግፊት ያለበት ሰው ምንም ሳያመው ሊቆይ ስለሚችል «ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት አይበጅም።

አተነፋፈስን ግን ያለ መሣሪያ፣ እቤታችን ልንቆጥር እንችላለን። ልጅ ሲያስለውና ሲያተኩሰው አንዳንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ይቀባዋል። ሌላው «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ያስቆርጠዋል። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈሳል፤ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ በሽታውን ግን አያድንም። በሽታው የሳንባ ምች ከሆነ መድኃኒቱ በጤና ባለሙያ እጅ ነው። ቀን ባለፈ ቁጥር ልጁ ይዳከማል፤ ሊሞትም ይችላል።

እንዴት እንቁጠር? ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ጸጥ ሲል ሆዱን እንግለጥ። አንዱ ሰዓት ይመልከት፤ ሌላው ይቁጠር። ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያልን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንቆጥራለን።

ፈጣን አተነፋፈስ የሚባለው ይህ ነው፦
ከ2 ወር በታች፦ 60 ወይም በላይ
ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት፦ 50 ወይም በላይ
ከ1 እስከ 5 ዓመት፦ 40 ወይም በላይ

እንግዲህ የ8 ወር ልጅ 54 ጊዜ ቢተነፍስ ለነገ አንበል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ሲተነፍስ ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው ወይም ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ቢሆን አንጠብቅ። መጥባት ከቻለ በመንገድም ጡት አንከልክለው።

የቆጠርነውን ቁጥርና ሰዓቱን በወረቀት ጽፈን እንያዝ። «ቁጥር መማር ለገበሬ ምን ያደርጋል?» ለሚለን መልሱ ይኸው ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው የልጁንም ትንፋሽ ይቁጠር።

ጥያቄ
1. በአውራ ጣት የልብ ትርታ የማንለካው ለምንድን ነው?
2. የ2 ዓመት ልጅ በደቂቃ 46 ጊዜ ቢተነፍስ ምን እናደርጋለን?