በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

ኅዳር ላይ ሩዝ ሲታጨድ ፎገራ ሜዳ ላይ ጥላ አይገኝም። ከጣና ዳር እስከ ወረታ ምድሩ ዝርግ ነው፤ ከፍታውም 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፀሐዩ ይጠብሳል። አጫጁ ባርኔጣውን ይደፋል፤ ገበያ የምትወርደው ነጠላዋን ትከናነባለች ወይም ጃንጥላ ትዘረጋለች። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ፊቱን የፀሐይ መከላከያ ክሬም (ሰንስክሪን) የሚቀባ ወጣት አለ። ከክሬሙ ጋር «ታይሮይድ ያመጣል» የሚል ወሬም አብሮ ይዞራል። ወሬው ከባዶ አልተነሣም፤ ዋናውን ነገር ግን ዘሎታል።

ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠች የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ ናት። ስታብጥ እንቅርት እንላታለን። ሥራዋ አዮዲን ከደም እየለቀመች ሆርሞን መሥራት ነው። ቲ-4 የሚባለው ሆርሞን አራት፣ ቲ-3 ደግሞ ሦስት የአዮዲን አተሞች አሉት። አዮዲኑን ከሆርሞኑ ጋር የሚሰፋው ታይሮይድ ፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የፅንስ አእምሮ እድገት በዚህ ስፌት ላይ ይንጠለጠላል።

ቤንዞፊኖን-2 የሚባል ጨረር መካች ኬሚካል አለ፤ መዋቢያዎች በብርሃን እንዳይበላሹ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀርመን ተመራማሪዎች ለአይጦች ሲሰጡት ቲ-4 ወረደ። ዕጢዋን «ሥሪ» እያለ የሚያዘው የአንጎል ሆርሞንም ጨመረ። በላቦራቶሪ ሲፈትሹት አዮዲኑን የሚሰፋውን ኢንዛይም አሰናክሎ ተገኘ። የሚገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ አዮዲን በበቂ ሁኔታ ሲኖር ጉዳቱ ይቀንሳል፤ አዮዲን ሲያንስ ይብሳል።

ስለ ሰንስክሪን በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባወጣው ጥናት ኦክሲቤንዞንን የመሰሉ የሰንስክሪን ኬሚካሎች ከቆዳ አልፈው ደም ውስጥ ተገኝተዋል። ደም ውስጥ መግባት ግን መጉዳት ማለት አይደለም። በዴንማርክ 32 በጎ ፈቃደኞች ለአንድ ሳምንት መላ ሰውነታቸውን እንዲህ ያለ ክሬም ሲቀቡ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። አንድ ሳምንት ግን አጭር ነው፤ ለነፍሰ ጡርም መልስ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረትም የኦክሲቤንዞንን መጠን ገድቧል።

እንግዲህ ወደ ፎገራ እንመለስ። ጉና ላይ የዘነበው ውኃ በርብና በጉማራ ሲወርድ ለሜዳው ደለል ያወርሰዋል። አዮዲን ግን ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ከደጋው አፈር ታጥቦ ወደ ጣና፣ ከጣናም በአባይ ይነጉዳል። አፈሩ ያጣውን እህሉም አያገኝም። ጎመን ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ዕጢዋ አዮዲን እንዳትለቅም ይሻማሉ፤ አዮዲን ለጠገበ ሰው ምንም አይደሉም፣ ለተራበ ግን ጫና ናቸው።

ስለዚህ የአገራችን መድኃኒት አዮዲን ያለው ጨው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አዮዲን የተጨመረበት የቀይ ባሕር ጨው ቀረ፤ በምትኩ ያልታከመ የአፋር ጨው ገበያውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ10 የትምህርት ዕድሜ ልጆች 4ቱ ገደማ እንቅርት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ግዴታ ሆነ፤ በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 89 በመቶ የሚሆኑ ቤቶች አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቶባቸዋል። ጨው ተገኘ ማለት ግን መጠኑ በቂ ነው ማለት አይደለም።

አባቶች «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ ስለ መከራ መደራረብ ነው። የክሬሙ ጉዳይም ይህንኑ ይመስለኛል፤ እውነተኛ ስጋት ከሆነ መጀመሪያ የሚነካው አዮዲን ያጣችውን ዕጢ ነው። ሰንስክሪንን መጣል ግን ስሕተት ነው፣ በተለይ አልቢኒዝም ላለበት ሰው፤ ለእርሱ የቆዳ ካንሰር መከላከያው ነው። የሚያሰጋችሁ ከሆነ ከክሬሙ ጀርባ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተጻፈበትን ምረጡ። ነጠላና ጃንጥላም አሉ፤ ኬሚካል የለባቸውም።

ከዚያ በፊት ግን ጓዳ ግቡ። አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት ይተናል። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።