ፓርቲ ላይ ተማሪ ራሷን ስታ ብትወድቅ፦ ለተቆጣጣሪ መምህራን



ሰኔ ሲመጣ ትምህርት ቤቶች የዓመት መዝጊያ ፓርቲ ያዘጋጃሉ። ዲጄ ይመጣል፣ ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ሁለት ሦስት መምህራን ደግሞ "ተቆጣጣሪ" ተብለው ይመደባሉ። ሰሞኑን ከእነዚህ መምህራን አንዷ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦

"ዶክተር፣ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ፓርቲ እንድቆጣጠር ተመድቤያለሁ። አምና አንዲት ተማሪ ወድቃብን ሁላችንም ግራ ገባን። አንዱ ውሃ ይደፋባታል፣ አንዱ ክብሪት ያሸታታል፣ አንዱ ቀና አድርጎ ሊያስቀምጣት ይታገላል። ልጅቷ ደህና ሆነች፤ ግን ዘንድሮም ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?"

ጥያቄው የብዙ መምህራን ስለሚሆን እዚሁ ልመልሰው።

👉 ልጆች ፓርቲ ላይ ለምን ይወድቃሉ?

አብዛኛውን ጊዜ ተራ ራስን መሳት ነው። ልጅቷ ፀጉሯን ስትሠራ፣ ልብስ ስትመርጥ ቁርስ ሳትበላ ወጥታለች። ውሃም አልጠጣችም። አዳራሹ ታፍኗል፣ ረጅም ሰዓት ቆማለች። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ የደም ግፊቷ ለአፍታ ዝቅ ይላል፣ አንጎል ጋር የሚደርሰው ደም ያንሳል። ዓይኗ ይጨልምባታል፣ ላብ ላብ ይላታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ከዚያ ትወድቃለች። ከተጋደመች ደሙ ወደ አንጎል ስለሚመለስ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ትነቃለች። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

👉 ምን ያድርጉ?

✅ ሙዚቃው እንዲቆም፣ መብራት እንዲበራ ያድርጉ። የከበቧትን ልጆች ያርቁ፣ መስኮት ያስከፍቱ።
✅ ትንፋሿን ያረጋግጡ። እየተነፈሰች ከሆነ በጀርባዋ ያስተኟት፣ እግሯን ከፍ ያድርጉ፣ ያጠበቃትን ልብስ ወይም ቀበቶ ያላሉ።
✅ ስትነቃ ወዲያው አያስነሷት። ትንሽ ትተኛ፣ ቀስ ብላ ትቀመጥ፣ በደንብ ከነቃች በኋላ ውሃ ወይም ጁስ ይስጧት።
❌ ራሷን ሳታውቅ አፏ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።
❌ ክብሪት አያሽቷት። ጭሱ አያነቃትም፤ በተለይ አስም ካለባት ይጎዳታል።

👉 ትልቁ ጥያቄ፦ ስትወድቅ ምን እያደረገች ነበር?

ድንገተኛ ክፍል ራሷን የሳተች ልጅ ስትመጣልኝ አብረዋት የመጡትን መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ኢሲጂ እናነሳለን፣ የደም ስኳር እንለካለን፤ ነገር ግን እኛ ጋ ስትደርስ ልጅቷ ነቅታ ታወራለች። ሲሆን ያየው ሰው እርስዎ ነዎት። መሣሪያችን የማይነግረንን እርስዎ ይነግሩናል።

ኬክ ለመቀበል ቆማ ወረፋ ስትጠብቅ፣ "አዞረኝ" ብላ ከወደቀች ነገሩ በአብዛኛው ቀላል ነው። እስክስታ ስትወርድ፣ ስትዘል ወይም ስትሮጥ፣ በጨዋታው መሃል፣ ምንም ሳይሰማት ድንገት ከወደቀች ግን ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ልብ ነው ብለን እንነሳለን። አንዳንድ ልጆች የልብ ጡንቻ መወፈር ወይም የልብ ምት መዛባት ችግር ይኖርባቸዋል፤ እስከዚያች ቀን ማንም ላያውቅ ይችላል። በአገራችን ደግሞ የሩማቲክ የልብ ሕመም አለ። በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል። ቫልቩ በጣም ከጠበበ ሰውነት ብዙ ደም ሲፈልግ ልብ ማድረስ ያቅተዋል።

ስለዚህ "ነቅታለች፣ ደህና ነች" ብለው ወደ ጭፈራው አይመልሷት። የሚከተሉት ካሉ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፦

🔴 እየጨፈረች ወይም እየሮጠች ከወደቀች
🔴 ከመውደቋ በፊት ደረቷን ካመማት ወይም ልቧ በኃይል ከመታ
🔴 ቶሎ ካልነቃች ወይም ጭንቅላቷን ከተመታች
🔴 ከቤተሰቧ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ (ይህን ወላጅን ይጠይቁ)

ስትጠሯት የማትመልስ፣ የማትተነፍስ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ እየቃተተች አየር የምትስብ ከሆነ አምቡላንስ ያስጠሩ፤ እስኪመጣ ግን አይጠብቁ። የደረቷን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እየገባ ይጫኑ። ሲደክምዎ ሌላ ሰው ይተካዎት።

👉 ብትንቀጠቀጥስ?

ራስን መሳት ብቻውንም ለጥቂት ሰከንድ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ከሆነ ግን ይረዝማል። እጅና እግሯን አይያዙ፣ ማንኪያም ሆነ ጣት አፏ ውስጥ አይክተቱ። ጭንቅላቷ ስር ለስላሳ ነገር ያድርጉ፣ ሰዓት ይያዙ፣ ሲያቆም በጎኗ ያስተኟት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት አምቡላንስ ይጥሩ።

👉 ከፓርቲው በፊት

ወላጆችን "ልጅዎ የልብ፣ የአስም፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ አለበት?" ብለው ይጠይቁ። የአስም መድኃኒቱ የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ልጁ ኪስ ውስጥ ይሁን። ልጆቹ በልተው ይምጡ፤ ውሃ በቅርብ ይኑር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ስልክዎ ላይ ይመዝገቡ።

መምህር ሆይ፣ በር ላይ ቆመው ማን ከማን ጋር ጨፈረ የሚለውን መከታተል አንድ ነገር ነው። ልጅ ስትወድቅ በትክክል አይቶ በትክክል መናገር ግን ሕይወት ያተርፋል።

ይህን ለሚያውቋቸው መምህራን ሼር ያድርጉ። ጥያቄ ካለዎት በኮሜንት ይጻፉልኝ። መልካም ጤና!