ገብረ ጉንዳን ስንት ስም አላት?

በላስታ ገብስ ተወቅቶ፣ ተበራይቶ፣ ምርቱ ወደ ጎተራ ሲገባ አውድማው ዳር ሌላ ጫኝ ይታያል። የወደቀችውን ፍሬ በአፉ ይዞ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ የጉንዳን ሰልፍ ነው። የሰሎሞን መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር የሚመክረው ይህን ትጋት ቆጥሮ ነው። የሰባ ሊቃናት ትርጉም ደግሞ ከጉንዳኗ ቀጥሎ ንብን ያነሳል። የከተማው ስም ትርክት ከንብ ጋር የተያያዘበት የላሊበላ ሰው ይህን ጥምረት ይወደዋል፤ ሳይንስም ሁለቱን ከአንድ ክፍለ መደብ ይቆጥራቸዋል።

የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ሰሎሞንን ለረጅም ጊዜ ተጠራጥረውታል። በሰሜኑ ብርድ የሚያውቁት ጉንዳን እህል አያከማችምና። በደቡብ ፈረንሳይ ጠረፍ፣ ማንቶን ላይ ጎሬውን ቆፍሮ ጎተራውን ያየው እንግሊዛዊው ጆን ሞግሪጅ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ጥርጣሬውን አስወገደ።

የዚህ ጉንዳን ወገን ሜሶር ይባላል፤ በላቲን «አጫጅ» ማለት ነው። የምደባ ሊቁ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1767 የሰሜን አፍሪካውን «ባርባራ» ሲል መዘገበው፤ የጉንዳን ተመራማሪው ፎሬል በ1890 ወገኑን ሜሶር አለው። ከዚያ በኋላ የስም ጣጣ መጣ። በቀለም ወይም በጠጉር ትንሽ የተለየ ጉንዳን በተገኘ ቁጥር የባርባራ «ንዑስ ዝርያ» እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ የደቡብ አፍሪካው ኬፕ ጉንዳን ሳይቀር። ንዑስ ዝርያ ማለት በመልክና በመኖሪያ የተለየ፣ ከዘመዱ ጋር ግን መዋለዱን ያላቋረጠ ማለት ነው። ሌላው የጉንዳን ተመራማሪ ባሪ ቦልተን እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰሃራ በታች ያሉትን አፍሪካውያን ሜሶሮች እንደገና መርምሮ አደራጃቸው።

ሜድትራንያን ዳርም ክለሳው ቀጠለ። ስትሩክተር የሚባለው አንድ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2018 በአምስት ተከፈለ። በ2025 ደግሞ ከአምስቱ የአንዱ፣ የኢቤሪከስ፣ ንግሥት ከራሷ ዝርያ ወንዶች ሌላ የድሮውን ስም ይዞ የቀረውን የስትሩክተርን ወንዶችም እንደምትወልድ ታወቀ። ሠራተኞቿ ሁሉ የሁለቱ ዲቃላ ናቸው። ኢቤሪከስ በሚኖርበት በሲሲሊ ግን በአቅራቢያው የዱር ስትሩክተር የለም፤ አባትየውን ራሷ ታራባዋለች። ሁለቱ ዝርያዎች ከተለያዩ ግን ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እንግዲህ በመልክና በካርታ ብቻ ማን ይለያቸው?

ሜሶር ደረቅና ሞቃት ምድር ይወዳል። ወደ ላስታ ስንመለስ፣ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ወደ ደጋ በወጡ ቁጥር የጉንዳን ዓይነት ይመናመናል፤ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርዱ ይበረክታል። እህል ለቃሚ ሁሉ ሜሶር አይደለም፤ ፌይዶሌ የተባለው ባለትልቅ ራስም ይለቅማል። ስለዚህ ከአውድማው ዳር ቁጭ ያለ ሰው የጭንቅላቱን መጠን፣ የሰልፉን ርዝመትና ከጉድጓዱ አፍ የተከመረውን ገለባ ይመልከት። ሰሎሞን ሰነፉን ያዘዘው ይህንኑ ነበር፤ የምደባ ሊቃውንትም ሥራ ከዚህ ይጀምራል።